ኬንትሮስ ምንድን ነው? ከጣና ዳር ሆነን እንየው

ስልክዎ ላይ ካርታ ከፍተው ባሕር ዳርን ቢጫኑ ሁለት ቁጥር ያወጣል፤ 11.6 እና 37.4 ገደማ። የመጀመሪያው ኬክሮስ ነው። ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ምን ያህል እንደራቅን ይናገራል። ሰዉን ግራ የሚያጋባው ሁለተኛው፣ ኬንትሮስ ነው። (ስማቸውም መንታ ይመስላል፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ ሁሌ ይምታታብኝ ነበር።)

ኬንትሮስ ከግሪንዊች መስመር (ለንደን ውስጥ ባለችው ግሪንዊች በኩል ከሚያልፈው ዜሮ መስመር) ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ምን ያህል እንደሆንን በዲግሪ ይለካል። ከሰሜን ዋልታ እስከ ደቡብ ዋልታ የሚወርደው መስመር ሜሪዲያን ይባላል። ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው፤ ሥሩም «ቀትር» ማለት ነው። ቁልፉ እዚህ ላይ ነው፤ በአንድ ሜሪዲያን ላይ ያሉ ቦታዎች ቀትራቸው እኩል ነው። ጎርጎራ ከሐይቁ ማዶ በሰሜን ናት፤ ግን ከእኛ ጋር በአንድ መስመር ላይ ናት ማለት ይቻላል። ቀትራችን የሚለያየው በሰከንዶች ነው። ድሬዳዋ ግን 4.5 ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ስለሆነች በ18 ደቂቃ ትቀድመናለች። ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር አንድ ዲግሪ 4 ደቂቃ ነው።

ታዲያ ሰዓታችን ለምን አንድ ሆነ? የአገሪቱ ሰዓት የሚቆጠረው በ45ኛው ሜሪዲያን ነው፤ እሱም በሶማሌ ክልል በኩል ያልፋል። ስለዚህ ጣና ዳር ፀሐይ እኩሌታዋ ላይ የምትደርሰው በ6 ሰዓት ሳይሆን 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። እንደ ወሩ በደቂቃዎች ወዲያና ወዲህ ይላል።

ዜሮው ግሪንዊች የሆነው ደግሞ በተፈጥሮ ሕግ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1884 ዋሽንግተን ላይ በስብሰባ ተወስኖ ነው።