ሰው ሠራሽ አስተውሎትና የሥራ ባለቤትነት በጎጃም

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ባገዘው ጽሑፍ ላይ የማን ስም ይስፈር የሚለው ጥያቄ በጎጃም ጎልቶ የሚሰማው የመመረቂያ ጽሑፍ በሚዘጋጅባቸው በደብረ ማርቆስ፣ በእንጅባራና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ነው። ይሁንና ዋሸራንና ጎንጅን የመሰሉ የቅኔ ጉባኤዎች ያሉበት አገር ባለቤቱን ከረዳቱ መለየት ከኮምፒውተር በፊት ያውቅበታል።

በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ የተበላሸውን አገባብ ያቃናል፣ የጎደለውን ቤት ያስሞላል፤ ቅኔው ግን የተማሪው ሆኖ ይቀራል። በቤተ ክርስቲያንም ባለቅኔው ሲዘርፍ ተቀባዩ እየተቀበለ በዜማ ያሰማል፤ ጆሮ የሚሞላው የተቀባዩ ድምፅ ቢሆንም የማን ቅኔ ነው ሲባል እርሱን የሚጠራ የለም። የሌላውን ቅኔ የራስ ማስመሰል ነውር ነው። የእኔ ነው ያለ ሰሙንና ወርቁን ተጠይቆ መፍታት ይጠበቅበታል።

የመመረቂያ ጽሑፍም ለየእጁ ቦታ አለው፦ በሽፋኑ የአጥኚው ስም፣ በማጽደቂያው የአማካሪውና የፈታኞቹ ፊርማ፣ በምስጋናው መረጃ ሰጪዎቹና ተየበልኝ የተባለው ሰው፣ በጥናቱ ዘዴ ደግሞ አኃዙን ያሰላው ኤስፒኤስኤስ የተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም (እርሱን ያመሰገነ ተማሪ እስካሁን አላጋጠመኝም)። አዲሱ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም ያስቸገረው በሁሉም ገጽ እጁን ስለሚያስገባ ነው፤ ይተይባል፣ ያሰላል፣ ይተረጉማል፣ ክርክሩንም ያረቃል። “ወጥ ሥራዬ ነው” ብሎ መፈረም የከበደውም ከዚህ የተነሣ ነው።

የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪ የሚለው ሥራውን በአእምሮው የፈጠረውን ሰው ነው። ጥበቃው በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይዘልቃል፤ ሞት የማያውቀው ፕሮግራም ከዚህ ስሌት ውጭ ነው። የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴም እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ፕሮግራምን በደራሲነት መመዝገብን ከልክሎ አጠቃቀሙ እንዲገለጽ ያዛል። ምክንያቱ ከቅኔ ቤቱ ብዙም አይርቅም፤ ፕሮግራሙ ስለ ሥራው ሊጠየቅ አይችልም። በእኔ ግምት ተገቢው ቦታ ምስጋናው ሳይሆን የጥናት ዘዴው ምዕራፍ ነው፤ የትኛው ፕሮግራም የቱን ክፍል እንደሠራ እዚያ ይጻፍ።

ትርጉም ለብቻው ያከራክራል። የገበሬው ቃለ መጠይቅ በአማርኛ ተቀድቶ በፕሮግራም ወደ እንግሊዝኛ ሲገለበጥ ገበሬው ያላለው ቢገባበት፣ ፈታኞቹ የሚጠይቁት ፈራሚውን ነው። ጠንቃቃ ተማሪ ስለዚህ የአማርኛውን ቅጂ በአባሪነት ያያይዛል፤ የተቀዳውንም ድምፅ እስኪመረቅ አያጠፋም።