አገር በቀል ዛፍ ምንድን ነው?

ዘንድሮ ክረምት እንጦጦ ግርጌ የሰፈር ወጣቶች ችግኝ ሊተክሉ ተሰብስበው አገኘኋቸው። ጉድጓዱን በደንብ ቆፍረዋል፤ ከብት እንዳይገባም አጥረዋል። "ምን ልትተክሉ ነው?" አልኳቸው። "ጥድ ነው፣ አገር በቀል" አሉኝ። ጎንበስ ብዬ ሳየው የፈረንጅ ጥድ ነው።

እሱ የመጣው ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ ነው። ልዩነቱን ማየት የፈለገ ፍሬውን መዳፉ ላይ ያድርገው። የፈረንጁ እንጨት የመሰለ ደረቅ ኳስ ነው፤ ሲደርስ ይሰነጠቅና ዘሩን ያራግፋል። የሀበሻው ጥድ ፍሬ ግን ትንሽ ነው፤ ሲበስል ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይሄዳል፣ በጣት ሲጫኑት ይፈርጣል። ወፎች ይበሉትና ዘሩን ሌላ ቦታ ይጥሉታል። (ወንዴውና ሴቴው ዛፍ ለየብቻ ናቸው። ፍሬ የሌለው ጥድ ስላያችሁ ብቻ "የፈረንጅ ነው" እንዳትሉ።)

ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ "ባህር ዛፍ ከመቶ ዓመት በላይ እዚሁ በቅሏል፣ እንዴት አገር በቀል አይባልም?" ሲል ሰማሁ። "በቀል" የምትለዋ ቃል ሳታሳስተው አልቀረችም። ባህር ዛፍ በ1880ዎቹ፣ በአጼ ምኒልክ ዘመን፣ ሰው ከአውስትራሊያ ያመጣው ነው። አገር በቀል የምንለው ሰው ሳያመጣው እዚሁ የነበረውን ነው። ወሳኙ የዓመቱ ብዛት ሳይሆን ሰው ማምጣቱና አለማምጣቱ ነው፤ ከአካባቢው ጋር ያለው ዝምድናም በዚያው ይለያል።

አንድ ሰው ሰፈር ውስጥ ሠላሳ ዓመት ተከራይቶ ቢኖር፣ እድር ካልገባ ሐዘን ሲደርስበት ድንኳን የሚተክልለት የለም። ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶና ዝግባ እድርተኞች ናቸው። ቅጠላቸው ሲረግፍ ትሉም፣ ነፍሳቱም፣ ሻጋታውም ይደርስላቸዋል። የባህር ዛፍ ቅጠል ዘይት ስላለው ቀባሪ አጥቶ ይከማቻል። እንጦጦ ላይ ስትሄዱ ከእግራችሁ ሥር የሚንኮሻኮሸው እሱ ነው። ንብ ግን አበባውን ትወዳለች፤ እድር ባይገባም ቡና የምትጠራው ጎረቤት አለችው ማለት ነው። እድሩ ሙሉ ሲሆን ምን እንደሚመስል ለማየት መናገሻ ሱባ ጫካ ሂዱ። ጉሬዛው ከዛፍ ዛፍ ይዘላል፣ የምኒልክ ድኩላም አለ።

ሌላም የሚምታታ አለ። አገር በቀል ማለት ብርቅዬ ማለት አይደለም፤ ኮሶ ኬንያም አለ። ደግሞ አገር በቀል ሁሉ የትም አይተከልም። ዋንዛ የእኛው ነው፣ ግን እንጦጦ አናት ላይ ብትተክሉት ውርጭ ይመታዋል።

ባህር ዛፍን ዛሬውኑ ጨፍጭፉት እያልኩ አይደለም። አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ያወጣት እሱ ነው፤ ዛሬም እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች እንጀራ ነው። ተዳፋቱም በአንዴ ከተራቆተ አፈሩን ጎርፍ ይወስደዋል።

ልጆቹ ችግኙን አልጣሉትም። ለአጥር ይሆናል ብዬ ስለነገርኳቸው ዳር ዳሩን ተከሉት። ጉድጓዶቹን ለወይራና ለኮሶ ትተዋቸዋል። የሀበሻውን ጥድ ፍሬ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ግቢ አስፈቅደን አብረን ልንለቅም ተቀጣጥረናል።