ችፌ የሚያስቸግረው ቆዳ አስተጣጠብ በአዲስ አበባ

ችፌ፣ በሕክምና አጠራሩ ኤክዚማ፣ ቆዳን የሚያደርቅ፣ የሚያሳክክና እየተሻለ መልሶ የሚያገረሽ ሕመም ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ከንጽሕና ጉድለትም አይመጣም። ይህን አስቀድሞ መናገር የግድ ነው፤ ምክንያቱም በከተማችን ብዙ ወላጅ ችፌን ከእከክና ከጭርት ጋር ያምታታና “እድፉ ይልቀቅ” እያለ ልጁን በሳሙና ይፈትጋል። በማግስቱ ልጁ ከቀድሞው ብሶበት ይነሳል። ለዚህ ዓይነቱ ቆዳ የሚስማማው መታጠቢያ አጭር ነው፤ ለብ ባለ ውሃ፣ ያለ ፍትጊያ ይካሄዳል፤ የሚያበቃውም በቅባት ነው።

የቆዳ የላይኛው ሽፋን በጭቃ እንደተመረገ ግድግዳ ነው፤ ሕዋሳቱ እንጨቱ፣ በመካከላቸው ያለው ስብ ደግሞ ምርጉ። ችፌ ባለበት ሰው ምርጉ ሳስቷል፤ በውስጥ ያለው እርጥበት ይተናል፣ ከውጭ የሚመጣው ሁሉ ይገባል። በ2006 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይፋ የሆነ ጥናት፣ ፊላግሪን የተባለውን የቆዳ ፕሮቲን የሚሠራው ዘረመል ጉድለት ሲኖረው ሰው ለችፌ እንደሚጋለጥ አሳይቷል። ስለዚህ ድክመቱ በብዙዎች ዘንድ ከውልደት የመጣ ነው። ጤናማ ቆዳ ትንሽ ኮምጠጥ ያለ ሲሆን የአሲድነት ልኩ (ፒኤች) ወደ 5 ይጠጋል፤ ተራ የገላ ሳሙና ግን ከ9 እስከ 10 ይደርሳል። ሳሙናው እድፉን ብቻ ለይቶ አያነሳም፤ ስቡንም አብሮ ይወስዳል። ከታጠቡ በኋላ ፊት ሲወጠር “ጠራ” የምንለው ስሜት የዚህ ጉዳት ምልክት ነው።

አዲስ አበባ ለዚህ ቆዳ አትራራም። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው በጋ ደረቅ ነው፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። በዚያ ብርድ ማንም ሰው የሚመኘው የሚያቃጥል ሙቅ ውሃ ነው። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር እቴጌ ጣይቱን ከእንጦጦ ወደ ታች የሳባቸው የፍልውሃ ሙቀት እንደነበር ይታወቃል፤ እስከ ዛሬም መሃል ከተማ ያለው ሰው “ገላዬ ይፍታታ” ብሎ ይሄድበታል። ለጤነኛ ቆዳ ደስታ ነው። ችፌ ላለበት ግን የፈላ ወይም በጣም የሞቀ ውሃ ለጊዜው ማሳከኩን ቢያስታግስም ስቡን ያቀልጣል፤ ከወጡ በኋላ ማሳከኩ በርትቶ ይመለሳል።

በባልዲና በጣሳ መታጠብ በአንድ በኩል ይጠቅማል፤ ጊዜውን ያሳጥራል፣ ሙቀቱንም በእጅ መለካት ያስችላል። ክርን ሲነከርበት ሙቀትም ቅዝቃዜም የማይሰማበት ውሃ ልክ ነው። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል። ማጽጃው ብብትን፣ የእግር መዳፍንና የብልት አካባቢን ይንካ፤ ክንድ፣ ጀርባና ቅልጥም በየቀኑ ሳሙና አያስፈልጋቸውም፤ ውሃ ይበቃቸዋል። ሻካራ መፈተጊያና ቃጫ ይቅሩ። በመዳፍ ብቻ ማሸት፣ በደንብ ማለቅለቅ፣ ከዚያም ፎጣውን እያሳረፉ ውሃውን መምጠጥ እንጂ መጥረግ አይገባም። ቆዳው ገና እርጥበት እያለው፣ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ፣ ቫዝሊን ወይም ሽታ የሌለው ወፍራም ቅባት ይቀባል። መጠኑ ላይ ሰው ይሳሳታል፤ ችፌው ሰፊ የሆነበት ልጅ በሳምንት ከ250 እስከ 500 ግራም ይፈልጋል። በጣት ጫፍ የሚቆነጠር ቅባት እዚህ ግባ አይባልም። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ቅባት የመጠጠ ልብስና አንሶላ በእሳት በቀላሉ ይያያዛል። ከከሰል ምድጃ፣ ከሻማና ከጧፍ መራቅ ያስፈልጋል።

የሚገዛው ማጽጃ ከሳሙና ይልቅ “ሳሙና አልባ” የሚባለው፣ ሽቶ የሌለው ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። “ለሕፃናት” የሚል ጽሑፍ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ብዙዎቹ ሽቶ አላቸው። ጀርም ገዳይ ፈሳሽ በባልዲው መጨመርም ቆዳውን ያስቆጣዋል። ፌጦና ሎሚ ማሸት የባሰ ነው፤ ሎሚ ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ቆዳ ያቃጥላል። ከቤት ውስጥ ነገሮች የተሻለ ስም ያለው አጃ ነው፤ በጣም የላመ የአጃ ዱቄት ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ሲበጠበጥ ማሳከክን ያስታግሳል። በሱቅ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ የፊት ማቅያ ቅባቶችን ግን ማንም አይንካ፤ ብዙዎቹ ስቴሮይድ የተባለ ጠንካራ መድኃኒት አለባቸው፤ ቆዳን ያሳሳሉ።

የእጅ ችፌ የራሱ ጉዳይ ነው። ምግብ ቤት ዕቃ የሚያጥቡ፣ ፀጉር ቤት የሚሠሩ፣ በየቤቱ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ቀኑን ሙሉ እጃቸው በውሃና በዱቄት ሳሙና ውስጥ ይውላል፤ መዳፋቸው ይሰነጠቃል፣ ይደማል። ከጎማ ጓንት ሥር ስስ የጥጥ ጓንት ማድረግ፣ ከሥራ በኋላ ወዲያው መቀባት ያግዛል። ጓንቱን መግዛት ያለበት አሠሪው ነው ብዬ አምናለሁ። ቁስል በሌለበት እጅ ላይ የአልኮል ሳኒታይዘር በሳሙና ደጋግሞ ከመታጠብ ይልቅ ቆዳን ያነሰ ያደርቃል።

ጸበል የሚጠመቅም ሆነ በየሶላቱ ውዱእ የሚያደርግ ሰው ከእምነቱ ጋር የሚጣላ ነገር የለበትም። ሁለቱም ያለ ሳሙና ስለሆኑ፣ ከዚያ በኋላ ውሃውን አድርቆ መቀባት ብቻ ይበቃል። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ግን ማቋረጥ አይገባም።

በጥቁር ቆዳ ላይ ችፌ እንደ ነጮቹ ቀይ ሆኖ አይታይም፤ ግራጫ፣ ሐምራዊ ወይም ጠቆር ያለ መስሎ ይቀርባል፤ ሲድንም ጥቁር ወይም ነጣ ያለ ምልክት ይተዋል። ምልክቱ በወራት ይደበዝዛል እንጂ በፍትጊያ አይለቅም። ቁስሉ ቢጫ ቅርፊት ካበጀ፣ መግል ከያዘ ወይም ከትኩሳት ጋር ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ቁስሎች በድንገት ከተዛመቱ መታጠቡን ማስተካከል ብቻውን አይበቃም። በመጀመሪያ አቅራቢያ ወዳለ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም በሪፈር ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ዘነበወርቅ ወዳለው አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሐኪም መሄድ ይገባል፤ የኋለኛው ዓይነት ቁስል ከታየ በዚያው ቀን።