እስቲ ወክ እናድርግ

ሰላም ለእናንተ ይሁን ቅዱሳን። ዛሬ ከበድ ያለ ትምህርት አልያዝኩም፣ ስለ ወክ ነው ማወራው። አዎ ወክ፣ ያ ማታ ከስራ በኋላ ጓደኛ ደውሎ "የት ነሽ፣ ወክ እናድርግ?" የሚለን ነገር። መሃል አዲስ አበባ ለምንኖር ሰዎች ከዚህ የሚረክስ መዝናኛ የለም፣ የማኪያቶ ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቁታላችሁ፣ ወክ ግን ጫማና ጉልበት ብቻ ነው የሚጠይቀው። ፒያሳ ማዘጋጃ ጋር ተገናኝታችሁ ቸርችልን ቁልቁል ትይዙታላችሁ፣ ቴዎድሮስ አደባባይን ጥቁር አንበሳን እያላችሁ ለገሃር ትደርሳላችሁ፣ ወሬው ካላለቀ ሽቅብ መመለስ ነው (እዛ ላይ ነው ትንፋሽ ሚያጥረን፣ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ነው እኮ ያለነው)።

አንድ ነገር አስተውላችሁ ከሆነ፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ "ምን ሆነሃል?" ሲባል "አይ ሰላም ነኝ" ብሎ የሚዘጋ ሰው ጎን ለጎን እየሄደ ግን ሆዱ ያለውን በሙሉ ይዘረግፈዋል። አይን ለአይን ስለማይተያይ ነው መሰለኝ።

ሉቃስ 24 ላይ ያሉት ሁለቱ ደቀ መዛሙርትም እንደዛ ናቸው። ቀኑ ትንሣኤ፣ ከኢየሩሳሌም ወደ ኤማሁስ ስድሳ ምዕራፍ ይላል፣ ወደ 11 ኪሎ ሜትር ነው። አንደኛው ቀለዮጳ ነው፣ የሌላው ስም አልተጻፈም። እያወሩ ሲሄዱ ጌታ ራሱ መጥቶ ተቀላቀላቸው፣ አላወቁትም። እዚህ ጋ ቆም በሉልኝ፣ ሰዎቹ እየሄዱ ያሉት እኮ በተሳሳተ አቅጣጫ ነው! ሴቶቹ መቃብሩ ባዶ ነው ብለዋቸዋል፣ ሰምተዋል፣ ግን ተስፋ ቆርጠው ከተማውን ለቀው እየወጡ ነው። እኔ ብሆን መንገድ ላይ አስቁሜ "ወዴት ነው? ተመለሱ!" ነበር ምላቸው። ጌታ ግን አላስቆማቸውም፣ በነሱው አቅጣጫ በነሱው እርምጃ አብሯቸው ሄደ፣ ከዛም ጠየቃቸው፣ እየጠወለጋችሁ ስትሄዱ የምትነጋገሩት ነገር ምንድን ነው አላቸው። እነሱም ስለሱ ያዘኑትን ለራሱ ነገሩት፣ እስራኤልን የሚቤዥ እሱ ነው ብለን ተስፋ አድርገን ነበር አሉት፣ በገዛ ፊቱ! ተግሣጹ አልቀረም፣ "ልባችሁ የዘገየ" ብሏቸዋል፣ ግን መጀመሪያ ሰምቶ ጨረሰ።

እኛ ጋ ግን ምንድነው የሚደረገው፣ ከኅብረት የጠፋ ልጅ ሲኖር በቴሌግራም ጥቅስ እንልክለታለን፣ "ለምን ቀረህ?" እንለዋለን፣ መልስ ሲጠፋ "ቀዝቅዟል" ብለን በጸሎት ርዕስ ላይ ስሙን እናስገባለን። ጥቅስ መላክ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ግን ማታ ደውላችሁ ወክ እናድርግ ብትሉትስ? ጥቁር አንበሳ እስክትደርሱ ስለ ኳስ ያውራ፣ ተዉት፣ ለገሃር ላይ ምናልባት ዋናው ነገር ይመጣል፣ ካልመጣም ሳምንት አለ።

እርምጃችሁንም አደራ። ዘፍጥረት 33 ላይ ኤሳው አብረን እንሂድ ሲለው ያዕቆብ ልጆቹ ደካሞች ናቸው፣ ከብቶቹም ያጠባሉ፣ አንድ ቀን በችኮላ ከተነዱ ያልቃሉ፣ እኔ በነሱ እርምጃ በዝግታ እመጣለሁ አለው (በርግጥ ያዕቆብ ከኤሳው ለመራቅ ሰበብ እየፈለገም ይመስለኛል፣ ቢሆንም ያለው ነገር ልክ ነው)። ቸርችልን ሽቅብ ከእናቱ ጋር ወጥቶ የሚያውቅ ሰው ይሄ ይገባዋል፣ እሷ ስትቆም ትቆማለህ በቃ። በእምነት ገና የሆነውን ሰው ግን በኛ ፍጥነት ካልሮጠ እንቆጣዋለን።

ብቻችሁን ወክ የምታደርጉም አላችሁ፣ ኢርፎን ሰክታችሁ። መዝሙር መስማት ደስ ይላል፣ ግን አንዳንዴ ንቀሉትና እንደነ ቀለዮጳ ያሳዘናችሁን ነገር ለራሱ ለጌታ ንገሩት፣ እሱ ያሳዘናችሁ ቢመስላችሁ እንኳን። ሄኖክ አካሄዱን ከእግዚአብሔር ጋር ያደረገው 300 ዓመት ነው፣ ያውም ወንዶችና ሴቶች ልጆች እየወለደ፣ ቤት እያስተዳደረ።

ኤማሁስ ሲደርሱ እንጀራውን ቆርሶ ሲሰጣቸው አወቁት፣ እሱም ተሰወረባቸው። በዚያችው ሰዓት ተነሱ ይላል። መሽቷል፣ ያንኑ 11 ኪሎ ሜትር እንደገና፣ ኢየሩሳሌም ተራራ ላይ ስለሆነች ደግሞ መጨረሻው ዳገት ነው። ቀጥሎ ያለው ሁሌ ያስቀኛል፣ ያን ሁሉ መንገድ ተሸክመውት የመጡትን ዜና ገና ሳይናገሩ ኢየሩሳሌም ያሉት አስራ አንዱ ሐዋርያት ቀደሟቸው፣ ጌታ በእውነት ተነስቷል ለስምዖንም ታይቷል አሏቸው። "እሺ አውቃችኋል ማለት ነው" ብለው ግን አልተቀመጡም። መንገድ ላይ የሆነውን ከነሱ በቀር ማንም ሊያወራው አይችልም ነበር፣ እሱን ተረኩላቸው።