ሳይኮሎጂስት ጋ ስለመሄድ የሚወራውና እውነታው

«አማኑኤል ልትገባ ነው እንዴ?»

ሳይኮሎጂስት ጋ ቀጠሮ አለኝ ያለ የአዲስ አበባ ሰው ይቺን ቀልድ ሳይሰማት አይቀርም። አማኑኤል ሆስፒታል ራሱ እኮ ብዙ ሰው በተመላላሽ ታክሞ ወደ ሥራው የሚመለስበት ቦታ ነው። ለነገሩ መድኃኒት የሚያዘው የሥነ አእምሮ ሐኪም ነው። ሳይኮሎጂስት የሚረዳው በንግግርና በልምምድ ነው።

«በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም ያስለፈልፉሃል»

ጥሩ ባለሙያ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ፣ ቤት ውስጥ ማን እንዳለ ነው። ሰውየው የደረሰበትን ክፉ ቀን ማውራት ጀምሮ ትንፋሽ ካጠረው ያስቆመዋል። «እግርህ ወለሉ ላይ ነው? ከውጪ ምን ይሰማሃል?» ይላል። ቢሮው ካዛንቺስ ከሆነ የረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» አይታጣም። ሰውየው ከዚያ ክፉ ቀን ወደ ዛሬ የሚመለሰው በእንዲህ ያለ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም አደጋ እንደደረሰ ሰውን አስቀምጦ ሁሉንም ማስወራትን አይመክርም።

«ወሬማ ከጓደኛም ይገኛል»

ይገኛል። ጓደኛ ግን «በቃ እርሺው» ብሎ ያልፋል።

ታክሲ ተገልብጦ የተረፈች ሴት እናስብ። ከዚያ ወዲህ ታክሲ አትሳፈርም፤ ከአራት ኪሎ ፒያሳ በእግሯ ነው። መሸሹ ለጊዜው ያሳርፋታል፣ ፍርሃቱን ግን ያደልበዋል። ባለሙያው ከእሷ ጋር ደረጃ ያወጣል። መጀመሪያ ተራ አስከባሪው አጠገብ መቆም ብቻ። ቀጥሎ በቆመ ታክሲ ውስጥ መቀመጥ። ከዚያ አንድ ፌርማታ፣ ከሰው ጋር። ጋቢና መጨረሻ ላይ ነው። በየደረጃው ልቧ ይደልቃል፤ እስኪረግብ ግን እዚያው ትቆያለች። አእምሮዋ የሚማረው በዚያ ቆይታ ነው። የአደጋውንም ቀን በራሷ ፍጥነት፣ ደጋግማ ታወራዋለች። ግቡ መርሳት አይደለም። ስታስታውሰው እንደ አዲስ እንዳይደርስባት ነው።

«ጸሎትና ጠበል ተዉ ይላሉ»

ደህና ባለሙያ አይልም። ያለ ካለ ባለሙያ ቀይሩ።

«ሐዘን የደረሰበት ሁሉ ቴራፒ ያስፈልገዋል»

ይሄኛው አዲስ ነው፤ ከቲክቶክ የመጣ ይመስለኛል። ለቅሶ ቤት የሚያድሩ ጎረቤቶችና የእድሩ ድንኳን ስንቱን አሻግረዋል! በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንቅልፍ ማጣትና መባነን የተለመደ ነው። ፒቲኤስዲ (ከክፉ አደጋ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም) የሚባለውም ምልክቶቹ ከ1 ወር በላይ ከቆዩ ነው። «ራሴን ላጥፋ» የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን ወር አይቆጠርም። የዚያኑ ሰዓት፣ ከሰው ጋር፣ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው።