ቀይ ቀበሮ ከመንጋው መካከል ምን ይሠራል?

ስለ አራዊት አመጋገብ ከሚነገሩት ስሕተቶች አንዳንዶቹ በአጭሩ የሚታረሙ ናቸው። ጥንብ አንሳ በድን ከሩቅ ሸትቶት የሚመጣ ለሚመስላቸው፣ የአገራችን ጥንብ አንሳዎች ምግባቸውን የሚያገኙት በዓይናቸው ነው፤ አንዱ ቁልቁል ሲወርድ ያየ ሌላው ይከተለዋል። ጅብም ትራፊ ለቃሚ ብቻ አይደለም፤ ታንዛኒያ ውስጥ በንጎሮንጎሮ በተደረገው ጥናት አብዛኛውን ምግቡን ራሱ አድኖ ሲበላ፣ ቀማኛው ብዙ ጊዜ አንበሳው ሆኖ ተገኝቷል።

እኔን የሚያታክተኝ ግን «ቀይ ቀበሮ የበግ ጠላት ነው» የሚለው ወሬ ነው። የተማሩ ሰዎች ሳይቀሩ «ታዲያ ከመንጋው መካከል ምን ይሠራል?» ብለው ሲጠይቁ ክርክሩን የዘጉት ይመስላቸዋል። የሚሠራውማ ግልጽ ነው፤ አይጥ ያድናል። በባሌ ተራሮች ዓይነ ምድሩ ሲመረመር ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው ምግቡ አይጥና ፍልፈል ሆኖ ተገኝቷል። በከብቶቹ መካከል የሚሄደው አይጦቹ እንዳያዩት ሊከለልባቸው ነው። በመንዝ ጓሳ ደግሞ ሣር ከሚግጡት ጭላዳ ዝንጀሮዎች መካከል ሆኖ ሲያድን 67 በመቶ ያህሉ ሙከራው ይሳካለታል፤ ለብቻው ሲሆን ግን 25 በመቶው ብቻ። የጭላዳዎቹ ግልገሎች በአጠገቡ እየቦረቁ ዞር ብሎ አያያቸውም ማለት ይቻላል።

በቡድን የሚያድን የሚመስላቸውም አሉ። በቡድን ይኖራል፣ ክልሉን በጋራ ይጠብቃል፣ ቡችሎቹንም በጋራ ያሳድጋል፤ ለአደን ግን እያንዳንዱ ለየብቻው፣ ያውም በቀን ይሰማራል። ከጉድጓዱ አፍ ቆሞ ያዳምጣል፣ በሆዱ ተስቦ ይጠጋል፣ ከዚያም ይወረወራል፤ ካመለጠው ይቆፍራል።

የበግ ግልገል ፈጽሞ አይነካም አልልም፤ አልፎ አልፎ ይወስዳል። ነገር ግን አንድ አባት የሞተች ግልገል አሳይተውኝ ቀበሮውን ሲረግሙ፣ የጎረቤታቸው ውሻ አፉ ላይ ጸጉር ተለጥፎበት አጥር ሥር ተኝቶ ነበር። ስለዚህ በጉ የሚያሳስበው ሰው ግልገሎቹን ያለ እረኛ አይልቀቅ፣ ማታ በረቱን ይዝጋ፣ ውሻውንም አስሮ ያሳድር፤ ከሁሉም በላይ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በየዓመቱ ያስከትበው። በ2003 እ.ኤ.አ. በባሌ ዌብ ሸለቆ የነበሩትን ከግማሽ በላይ ቀይ ቀበሮዎች የፈጀው ከውሾች የተዛመተው ይኸው በሽታ ሲሆን፣ ያልተከተበ ውሻ ከቀበሮው አስቀድሞ የሚነክሰው የባለቤቱን ላምና ልጅ ነው።