በእርግዝና ወቅት የሚደርስ ጭንቀት ልጅን ይጎዳል ሲባል ምን ማለት ነው?

ሰሞኑን አንድ ተናጋሪ በሬዲዮ «ነፍሰ ጡር ባለቀሰች ቁጥር የልጇ አንጎል ይጎዳል» ሲል ሰማሁት። ይህን ሰምተው ለክትትል የሚመጡ ሴቶች ለቅሶ ቤት መሄዳቸውን እንደ ኃጢአት ይናዘዙልኛል። እንዲህ ያለውን ንግግር ጭካኔ እለዋለሁ።

ስንጨነቅ ሰውነታችን የሚያመነጨው ሆርሞን፣ ኮርቲሶል፣ ከእናት ደም ወደ ፅንሱ እንዳሻው አይፈስም። እንግዴ ልጁ ውስጥ ኮርቲሶልን ወደማይሠራ ኮርቲዞን የሚቀይር ኢንዛይም አለ። የግቢ ዘበኛ በሉት፤ ከመጣው አብዛኛውን ከበር ይመልሳል። የአንድ ቀን ድንጋጤ ለእሱ የዘወትር ሥራው ነው። የሚያሳስበው ዘበኛው ለወራት እረፍት ሲያጣ ነው፤ ጭንቀት ሲበረታና ሲረዝም ኢንዛይሙ ሊዳከም እንደሚችል የሚጠቁሙ ጥናቶች አሉ። ዘበኛው ብዙም የማይዘው እንግዳም አለ፦ ምጥ ያለጊዜው ሲመጣ የምንሰጠው ዴክሳሜታዞን። የምንመርጠውም ስለሚያልፍ ነው፤ የፅንሱ ሳንባ ቶሎ እንዲጎለብት ያደርጋል። «የጭንቀት ሆርሞን ዘመድ ነው» ተብላ ይህን መርፌ እምቢ የምትል እናት እንዳትኖር አደራ።

«አደጋው እጥፍ ይሆናል» ብሏል ተናጋሪው። እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992 በእንግሊዝ ኤቨን አካባቢ የተወለዱትን ልጆች የተከታተለው ጥናት እጥፍ ገደማ አግኝቷል፤ እውነት ነው። ግን የምን እጥፍ? በእርግዝናቸው መገባደጃ ጭንቀታቸው እጅግ ከፍተኛ የነበረ እናቶች ልጆች ዘንድ፣ በ4 ዓመታቸው የባህሪና የስሜት ችግር ከ100 ልጆች 5 ያህል መሆኑ ቀርቶ 10 ያህል ሆነ። 90ዎቹ አልታየባቸውም። ይህን ለነፍሰ ጡሯ ሳይነግሩ «እጥፍ» ብሎ መሄድ ማስፈራራት ነው።

በካናዳ ኬቤክ በጥር 1998 እ.ኤ.አ. የበረዶ ዝናብ የመብራት መስመሩን ጥሎ፣ አንዳንድ ቤተሰብ ለሳምንታት ያለ መብራት ቆየ። ተመራማሪዎች ያኔ ነፍሰ ጡር የነበሩትን እናቶች ልጆች ተከታተሉ። በ5 ዓመት ተኩል በቋንቋና በአእምሮ ችሎታ ልዩነት ያሳየው የእናትየው የስሜት መረበሽ መጠን አልነበረም፤ የደረሰባት ችግር ክብደት ነበር። ይህ ውጤት ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል፤ ጣቱን ከእናትየው አንስቶ ወደ ኑሮዋ ይጠቁማልና።

ወደ እኛ አገር እንምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ጥናት፣ በቡታጅራ አካባቢ ባል ወይም የፍቅር አጋር ከነበራቸው ሴቶች 71 በመቶዎቹ በሕይወት ዘመናቸው ከእሱ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። እንዲህ ያለችውን ሴት «ለልጅሽ ስትዪ ተረጋጊ» ማለት፣ መቺውን ትቶ ተመቺዋን መክሰስ ነው። በክትትል ቀን ባልየው ውጭ ይቆይና «ቤት ውስጥ ማን ያስቸግርሻል? ምግብ ትጠግቢያለሽ?» ተብላ ለብቻዋ ትጠየቅ። ሐኪም ያዘዘላትን የድብርት መድኃኒትም በወሬ አታቁም።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ነፍሰ ጡሯን ከ20ኛው የእርግዝና ሳምንት በኋላ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣ «ጭንቀት ነው» ብላችሁ አትለፉት። የደም ግፊቷ በዚያው ቀን ይለካ።